ስሜን ግድግዳው ላይ ያየሁ ዕለት

ከቢሯችን ግድግዳ ላይ አንድ ዝርዝር ተለጥፏል። የለጠፍሁት እኔ ነኝ፤ ስለዚህ የምወቅሰው ሰው የለኝም። ርእሱ «ለማኅደር የሚቀረጹ አባቶችና እናቶች» ይላል። ይህ ለኃላፊዎች የሚነገረው ስሙ ነው። እኛ እርስ በርሳችን ሻይ ስንጠጣ ግን «የመንገደኞች ዝርዝር» እንለዋለን። መንገዱ ወዴት እንደሆነ ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም።

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና ከሥሩ ልጀምር። ባሕር ዳር ከተማ ውስጥ በአንድ የሕዝብ ቴሌቪዥን ጣቢያ ዘጋቢ ፊልም ስሠራ ሃያ ስምንት ዓመት ሞላኝ። ሥራ በጀመርሁ ሰሞን አንድ ስመ ጥር የቅኔ መምህር ዐረፉ። ልዩ ዝግጅት ይሠራላቸው ተባለና ማኅደራችን ሲፈተሽ ከአንዲት የመታወቂያ ጉርድ ፎቶግራፍ በቀር ምንም ነገር ጠፋ። ምን ይደረግ? ፎቶግራፏን ጠረጴዛ ላይ አድርገን፣ ካሜራውን አንዴ እያቀረብን አንዴ እያራቅን ግማሽ ሰዓት ሞላን። ቤተሰቦቻቸው «ጆሯቸውን በደንብ አየነው፣ እግዜር ይስጥልን» ብለው አመሰገኑን። በዚያ አፍሬ አንድ ሐሳብ አቀረብሁ። ሊቃውንቱንና ሽማግሌዎቹን በሕይወት ሳሉ እንቅረጻቸው፣ ካሴቱን መደርደሪያ ላይ እናስቀምጠው፣ ቀኑ ሲደርስ እናስተላልፈው አልሁ። ሐሳቡ ተወደደ። የፊልሙ መተላለፊያ ቀን የሚወሰነው ከላይ ነው። ከላይ ስል ኃላፊዎቹን ማለቴ አይደለም።

ታዲያ ይህን ለባለጉዳዩ እንዴት ትነግሩታላችሁ? «አባቴ፣ ሊሄዱ ስለሆነ መጣን» አይባል ነገር። ስለዚህ አንድ አነጋገር ፈጠርሁ። «አይ፣ ምንም አይደለም፣ ለማኅደር ያህል ነው።» ቃሉ ብቻውን አይበቃም፤ አባባልም አለው። ድምፅ ዝቅ ይደረጋል፤ ዓይን ወደ ሐይቁ ይመለሳል፤ «ያህል» የምትለዋ ላይ ፈገግ ይባላል። አዲስ ሠራተኛ ሲመጣ ካሜራ ከማስያዜ በፊት ይህን ነበር የማስተምረው።

ከዚያ እንግዳችንን ጣና ዳር ወስደን እናራምዳቸዋለን። ለምን እንደሆነ እንጃ፤ አንዴ ተጀመረና ልማድ ሆኖ ቀረ። ገበሬም ይሁኑ መሪጌታ፣ ሐኪምም ይሁኑ ዓሣ አጥማጅ፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው በውሃው ዳር ይሄዱና ቆም ብለው አርቀው ያያሉ። ዋሽንት ይገባበታል። አንድ አባት ስናራምዳቸው «ልጄ፣ የማየው ምኑን ነው?» ብለው ጠየቁኝ። «ያለፈ ሕይወትዎን ነው የሚያዩት» አልኋቸው። «እሱ እንኳ በወዲያ በኩል ነው» ብለው ጀርባቸውን ለሐይቁ ሰጡትና ወደ ደብረ ታቦር መንገድ አዩ። ያንን እንደገና ቀረጽነው።

ሕዝቡ ግን ከእኛ ብልጥ ነው። መኪናችን አንድ ደጃፍ ላይ ስትቆም ጎረቤቱ ነጠላውን አዘቅዝቆ መምጣት ጀመረ። ሹም አቦ ሰፈር አንዲት እናት በሩን ከፈት አድርገው አዩንና «ገና ነኝ» ብለው መልሰው ዘጉብን። ዱርቤቴ ደግሞ አንድ አዛውንት እንደምንመጣ ሲሰሙ የንስሐ አባታቸውን አስጠሩ፤ ከተኳረፉት ወንድማቸው ጋር ታረቁ፤ ዕርቁ እንዲጸና በቅሏቸውን መርቀው ሰጡት። ቀረጽናቸው። ይኸው ዘጠኝ ዓመታቸው፣ እንደ ብረት ናቸው። መንገድ ላይ ባገኙኝ ቁጥር የሚያወሩኝ ስለዚያች በቅሎ ነው።

ከሳቸውና ከሌላ አንድ አባት በቀር ስሙ ዝርዝሩ ላይ የሰፈረ ሰው ብዙም አይሰነብትም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የምንጽፈው ሰማንያን የዘለለውን ነው። ይህን አውቃለሁ፤ የተማርሁ ሰው ነኝ። ግን ከቢሯችን አንድም ሰው የገዛ አባቱን ወይም የገዛ እናቱን ስም እዚያ ላይ ጽፎ አያውቅም። እኔም አልጻፍሁም።

እንግዲህ አንድ ሰኞ ጠዋት ቦርሳዬን አስቀምጬ ቀና ስል፣ ከአንዲት የዘጠና ዓመት እናት ቀጥሎ፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ የእኔ ስም ከነአያቴ ተጽፎ አየሁት።

ክው አልሁ። መጀመሪያ ሞክሼዬ ነው ብዬ ነበር። አጠገቡ ግን «ከዚሁ ክፍል» የሚል ተጨምሮበታል። ከዚህ ክፍል በዚህ ስም የሚጠራ እኔ ብቻ ነኝ። ዕድሜዬ ገና አምሳ አምስት ነው፤ ሰማንያ ለመድረስ ሃያ አምስት ዓመት ይቀረኛል። ታዲያ እኔ የማላውቀው እነሱ የሚያውቁት ምን አለ? ወንበሬ ላይ ተቀመጥሁ፣ ተነሣሁ፣ ተመልሼ አነበብሁት። ስሜ የትም አልሄደም።

ያን ጊዜ ምርመራው ትዝ አለኝ። ከሳምንት በፊት መሥሪያ ቤቱ ሠራተኛውን ሁሉ ጤና አስመርምሮ ነበር። ደሜን የቀዳችው ነርስ ብልቃጡን ወደ ብርሃኑ አንሥታ አየችና «እህ» ብላለች። የዚያን ዕለት «እህ»ዋን ከቁም ነገር አልቆጠርኋትም። አሁን ሳስበው ግን ያቺ «እህ» የማትይዘው በሽታ አልነበረም።

የክፍላችን ኃላፊ ሰላማዊት ናት። ለልምምድ ስትመጣ ያስተማርኋት እኔ ነኝ፤ ዛሬ እሷ አለቃዬ ናት፣ እኔ ጋሼዋ ነኝ፣ ተከባብረን እንኖራለን። ቢሮዋ ገብቼ ነገሩን ቀልድ አስመስዬ ስሜን ግድግዳው ላይ ማየቴን ነገርኋት። ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። ዓይኗን በመስኮቱ ወደ ሐይቁ መለሰች።

«አይ ጋሼ፣ ምንም አይደለም፣ ለማኅደር ያህል ነው» አለችኝ። «ያህል» ላይ ስትደርስ ፈገግ አለች።

በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም። ያስተማርኋት ራሴ ነኝና አንዲት ስሕተት ባገኝባት ብዬ ፈለግሁ፤ አላገኘሁም። እንዲያውም ከኔ አሳምራ ነው ያለችው። ሐሙስ ጠዋት ሐይቅ ዳር ቀረጻ እንዳለኝ፣ ሌላ ሥራ እንዳልይዝ፣ ደግሞም ምንም እንዳልዘጋጅ ነገረችኝ። ልወጣ ስል ተነሥታ በሩን ከፈተችልኝ። ሰላማዊት በር ከፍታልኝ አታውቅም።

እናንተ ይህን ጊዜ «ሰውየው ለምን ፍርጥ አድርጎ አይጠይቃትም?» ትላላችሁ። በእኛ አገር ክፉ ወሬ ፍርጥ ተደርጎ አይጠየቅም፣ ፍርጥ ተደርጎም አይነገርም። መርዶ ሊረዱህ የመጡ ሽማግሌዎች በማለዳ ገብተው ስለ ዝናቡ ያወራሉ፣ ስለ ሰብሉ ያወራሉ፣ የቤትህን ጣሪያ ያደንቃሉ። እስከዚያ ድረስ የሚያውቀው ሁሉ ዝም ይልሃል፤ ዝም ከማለቱም በላይ ደግ ይሆንልሃል። ስለዚህ መርዶ የተቀመጠለት ሰው ምልክቱ የሰው ሁሉ ደግነት ነው። ያን ሰኞ የጥበቃው ሰው ቦርሳዬን ሳይፈትሽ አሳለፈኝ። ሻይ የምታፈላው ልጅ ስኳር ልጨምርልዎ ወይ አለችኝ። ሰው ሁሉ ደግ ሆኖ ባገኘሁት ቁጥር አንድ ምልክት ቆጠርሁ።

ማክሰኞ የታሸገ ፖስታ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጦ አገኘሁ። የምርመራዬ ውጤት ነው። አልከፈትሁትም። መርዶ በሽማግሌ ይነገራል እንጂ በፖስታ ይላካል? ኮቴ የውስጥ ኪስ ውስጥ ከተትሁት። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ያ ኪስ ከበደኝና ወደ ግራ ዘመም ብዬ መሄድ ጀመርሁ፤ ይህንንም ከበሽታው ቆጠርሁት።

ቤት ስገባ ባለቤቴ ትርንጎ ዓሣ ጠብሳ ጠበቀችኝ። ይህ ብቻውን ምንም አይደለም። ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ስገባ ስወጣ የምትጨቀጭቀኝን የግቢውን በር መቀርቀሪያ ያን ቀን አላነሣችውም። በሩ ሲያንቋርር እየሰማች እጄን አስታጠበችኝ። ቀና ብዬ ሳይ ጥቁሩ ሙሉ ልብሴ ተተኩሶ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ለምን ተኮስሽው ብላት «እንዲያው» አለችኝ። ቀጥላም የድሮ ፎቶግራፎቼ የት እንዳሉ ጠየቀችኝ።

ፎቶግራፍ ስትል ጉርሻውን መልሼ አስቀመጥሁት። ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠው የኔ ጉርድ ፎቶ፣ ካሜራው አንዴ ሲቀርብ አንዴ ሲርቅ፣ ጆሮዬ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ሲታይ ታየኝ።

«ትርንጎ፣ የነገሩሽ ነገር አለ?» አልኋት።

«ምን ይነግሩኛል?» ብላ ዓሣ ጨመረችልኝ። ከቤታችን ሐይቁ አይታይም እንጂ ቢታይ ኖሮ ዓይኗን ወደዚያ ትመልስ ነበር።

ረቡዕ የቀረጻ ቦታ አይቼ ልምጣ ብዬ ከቢሮ ወጣሁና በሞተር ጀልባ ወደ ዘጌ ተሻገርሁ። ከባለ በቅሎው ሌላ ስማቸው ዝርዝሩ ላይ ሰፍሮ የከረሙ አንድ ሰው አውቃለሁ፤ የድጓ መምህሩ የኔታ ናቸው። ከቀረጽናቸው አሥራ ሁለት ዓመት ሆኗል። ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ከቡናው ዛፍ ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸው። መስቀል ተሳልሜ፣ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ፣ ሳልደብቅ ሁሉንም ነገርኋቸው። ዝርዝሩን፣ «እህ»ዋን፣ መቀርቀሪያውን፣ ኪሴ ውስጥ ያለውን ፖስታ።

የኔታ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ሲያዩኝ ያዘኑልኝ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ሳቃቸውን ይዘው ኖሯል።

«ለማኅደር ያህል አለችህ?»

«አዎ የኔታ።»

«አንተም ለእኔ እንዲሁ ብለኸኝ ነበር። እኔ ሞኝ ነኝ? የዚያን ዕለት ማታ ተማሪዎቼን አሰናብቼ ሱባኤ ያዝሁ። አንድ ሱባኤ ጠበቅሁት፣ ሁለት ሱባኤ ጠበቅሁት፣ አልመጣም። ተማሪዎቼን መልሼ ጠራኋቸው፤ ምን ላርግ?»

ይቅር ይበሉኝ አልኋቸው። እሳቸው ግን ሌላ ነገር ነበር ልባቸው ውስጥ ያለው። በመቋሚያቸው መሬቱን ጫር ጫር አድርገው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ፊልሜን አይቼው አላውቅም። መቼ ነው የምታሳዩት ብዬ ባስጠይቅ ሲያርፉ ነው አሉኝ። እንግዲህ እሱን ለማየት መሞት ሊኖርብኝ ነው። አይተኸዋል አንተ?»

«አይቼዋለሁ የኔታ።»

«እንዴት ነኝ?»

ያምራሉ አልኋቸው። በሐይቁ ዳር ስሄድስ አሉኝ። ሲሄዱም ያምራሉ አልኋቸው። ደስ አላቸው። ከዚያ በኋላ ነው ወደ እኔ ጉዳይ የተመለሱት፤ ምክራቸውም አጭር ነበር። የበደልኸው ሰው ካለ ይቅር በለኝ በል፤ ከዝርዝሩ ባያስፍቅህም አይጎዳህም አሉኝ። ፖስታውን ክፈት አላሉኝም። እኔም እንዲሉኝ አልፈለግሁም።

ሐሙስ ጠዋት ጥቁሩን ሙሉ ልብሴን ለብሼ፣ ፖስታውንም ወደ ኪሱ አዛውሬ ሐይቅ ዳር ደረስሁ። ሰላማዊትና ካሜራማኑ ደሳለኝ ቀድመውኝ ነበር። ከደሳለኝ ጋር ሃያ ዓመት አብረን ዞረናል፤ አንድ ድንኳን ውስጥ አድረናል፣ ከአንድ ጀልባ ላይ ወድቀናል። ሲያየኝ ሙሉ ልብሴን ከላይ እስከ ታች አየና ወደ ካሜራው ተመለሰ።

«ጋሼ፣ እስቲ በውሃው ዳር ትንሽ ይራመዱልን» አለች ሰላማዊት።

ተራመድሁ። ጉድ ነው ወገኖቼ፤ መራመድ እንዲህ ከባድ እንደሆነ አላውቅም ነበር። ካሜራ ሲያየኝ ቀኝ እጄ ከቀኝ እግሬ ጋር አብሮ ይወጣል። እጄን ወደ ኋላ ባጣምረው እስረኛ መሰልሁ፤ ባወርደው ሰልፈኛ መሰልሁ። በዚያ ላይ ፖስታው ወደ ግራ ይጎትተኛል። ሰላማዊት እንደገና አለች። እንደገና ተራመድሁ። ቆም ብለው አርቀው ይዩ አለችኝ። አየሁ፤ ጣና እንደተኛ ነው፣ አንዲት ታንኳ ትሄዳለች፣ ሌላ የሚታይ ነገር የለም። ያን ሁሉ ሽማግሌ እዚህ አቁሜ ምን እንዲያዩ ነበር የፈለግሁት? አምስተኛው ላይ በዚያ የሚያልፉ አንዲት ሴትዮ ቆም ብለው ካሜራውን አዩ፣ እኔን አዩ። ከዚያ ነጠላቸውን አስተካክለው «እግዜር ይማርህ ልጄ» ብለውኝ አለፉ።

ከዚህ በኋላ አልቻልሁም። ወንበር አምጥተው አስቀመጡኝ፣ ማይኩን ደረቴ ላይ ሰኩልኝ፣ ሰላማዊት «ጋሼ፣ ስለ ሥራ ዘመንዎ ይንገሩን» ስትለኝ የኔታ ያሉኝ መጣብኝና እንባዬ ቀደመኝ።

በመጀመሪያ ስለ ጉማሬው ይቅር በሉኝ አልሁ። በሠራኋቸው ፊልሞች ሁሉ ላይ ከውሃው ብቅ ብሎ የሚያዛጋው ጉማሬ አንድ ነው። ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት በአንድ ጠዋት የተቀረጸ ነው። ስለ ዓሣ ስሠራ አስገብቼዋለሁ፣ ስለ ቱሪዝም ስሠራ አስገብቼዋለሁ፣ ስለ መስኖ ስሠራም አስገብቼዋለሁ። ቀጥዬ ወደ ደሳለኝ ዞርሁ። የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት የካሜራው ማቆሚያ ሐይቁ ውስጥ ሲገባ የጣልሁት እኔ ነኝ። ለመሥሪያ ቤቱ ግን ማዕበል ነው ብዬ ጻፍሁ፤ ማዕበል አልነበረም ሲባል ዝም አልሁ፤ ማስጠንቀቂያው ለአንተ ደረሰ። ይቅር በለኝ አልሁት። ደሳለኝ ዓይኑን ከካሜራው ሳይነቅል «አውቅ ነበር» አለ። ለማኅደር ያህል ነው እያልሁ የዋሸኋቸውን አባቶችና እናቶችም በያሉበት ይቅር ይበሉኝ አልሁ። ትርንጎን አደራ አልሁ። መቀርቀሪያውን እንዲያሠሩላት አደራ አልሁ።

ሰላማዊት ግራ ገባት። አንዴ እኔን፣ አንዴ ደሳለኝን አየች።

«ጋሼ፣ የት ሊሄዱ ነው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? የጻፋችሁኝ እናንተ» ብዬ ፖስታውን ከኪሴ አውጥቼ ሰጠኋት። ቀደደችው። አነበበችና መልሳ ሰጠችኝ።

«ጨው ይቀንሱ ይላል» አለች።

ነገሩ ለካ እንዲህ ኖሯል። በሽተኛስ ነበረ፤ ግን እኔ አልነበርሁም። በሽተኛው የድሮ ካሴት የሚያጫውተው ማሽናችን ነው። መለዋወጫው ከገበያ ጠፍቷል፤ ያየው ባለሙያ ብዙ አይቆይም፣ ያላችሁን ቶሎ አጫውታችሁ ወደ ኮምፒውተር ገልብጡ ብሏቸዋል። አራት ቁም ሣጥን ሙሉ ካሴት አለ። ገልብጠው እንዳይጨርሱ ማን ማን እንደሆነ አይታወቅም፤ ምክንያቱም ካሴቶቹ ላይ የጻፍሁት እኔ ነኝ። «ጣና» ይላል አንዱ። «ጣና አዲሱ» ይላል ሁለተኛው። ከዚያ «ጣና የመጨረሻ» አለ፣ ቀጥሎም «ጣና የመጨረሻው መጨረሻ»። የእነዚያን ሰዎች ስም የሚያውቅ ከኔ ጭንቅላት ሌላ የለም። ስለዚህ ማሽኑ ሳይሞት እኔን አስቀምጠው፣ እያዩ ይንገሩን ሊሉኝ፣ ይህንንም ሊቀርጹት ነበር። ፎቶግራፉም የልጅነቴን መልክ ለማሳየት ነው፤ ትርንጎንም ለዚያው አሳድመዋታል።

«ታዲያ አትነግሪኝም?» አልኋት።

«እርስዎ አይደሉም ወይ፣ ሰው አስቀድሞ ካወቀ ተዘጋጅቶ ይዋሻል ያሉን?»

እኔ ነኝ። ሌላ ማን ሊሆን ይችላል?

እፎይ አልሁ፣ ደግሞም አፈርሁ፤ የቱ እንደቀደመ ራሴም አላውቅ። የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ ማሽኑ ፊት ተቀመጥሁ። ባለሙያው እንደ አራስ ልጅ ነው የሚይዘው። ካሴቱ ሲገባ ያጉረመርማል፣ ያስላል፣ ከዚያ ሥዕሉ እየተንቀጠቀጠ ይመጣል። እኔም ጀመርሁ። እኒህ መሪጌታ ናቸው፣ ከደቅ ደሴት። እኚህ እናት አዋላጅ ናቸው፣ ሰፈሩን በሙሉ የተቀበሉ። እኚህ ደግሞ ባለ በቅሎው ናቸው። ብዙዎቹ አልፈዋል፤ አንዱንም አልሳትሁም። ሰላማዊት እየጻፈች፣ ደሳለኝ እየቀረጸኝ፣ ልቤ እያበጠ ሄደ። እውነትም እኔ ማኅደር ነኝ አልሁ።

ከዚያ «ጣና የመጨረሻ» ገባ። ስሙ ጣና ይበል እንጂ የተቀረጸው አንበሳሜ ነው፣ የተወለድሁበት መንደር። የአባቴን ጎረቤት፣ አንድ የታወቁ የአገር ሽማግሌ ነበር የቀረጽሁት። ሽማግሌው ከዋንዛው ሥር ተቀምጠው ስለ ዕርቅ ሥርዓት እያወሩ ሳለ፣ ከግራ በኩል አንድ ሰው የእንጨት ዱካ ይዘው ገቡ። ቆሜ መዋሌን አይተው መቀመጫ ያመጡልኝ ናቸው። አዲስ ጋቢ ለብሰዋል። በካሜራው ፊት መጥተው ቆሙና ወደ እኛ አዩ።

«እኔንስ የምትቀርጸኝ መቼ ነው?» አሉ።

ከካሜራው ኋላ የኔ ድምፅ ይሰማል፤ ወጣት ነው፣ ይቸኩላል፣ ይስቃልም። «እርስዎ ገና ነዎት አባቴ። እስቲ ዞር ይበሉልኝ።»

«እሺ፣ እሺ» ብለው ዱካውን አስቀምጠው ወጡ። ያለው ይኸው ነው። አንድ ትንፋሽ አይሞላም።

አባቴ በዓመቱ ዐረፉ። ያን ቀን ገና ነዎት ያልኋቸው ደግ የተናገርሁ መስሎኝ ነው። ስማቸውን ግድግዳው ላይ ካልጻፍሁት የሚቀሩልኝ መስሎኝ ነበር። ሞት የእኛን ዝርዝር አያነብም፤ ይህን ሁልጊዜም አውቃለሁ፤ ግን አባት ሲሆን የሚያውቁት ሁሉ ይጠፋል። የሰውን አባት ሁሉ ሐይቅ ዳር ሳራምድ የኖርሁ ሰው የራሴን ከካሜራ ፊት ዞር ይበሉ ብዬ ሸኘሁ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚሉት ይህንን ነው። 

ሰላማዊት አላወቀቻቸውም። እስክሪብቶዋን አንሥታ «ጋሼ፣ አሁን ያለፉት ሰውዬ ማን ናቸው?» አለችኝ።

ስማቸውን ተናገርሁ።

«ድምፅዎ አልተሰማም፣ እንደገና» አለችኝ ቀስ ብላ።

እንደገና ተናገርሁ። «አባቴ ናቸው» የምትለዋንም ጨመርሁበት። ባለሙያው ማሽኑን ወደ ኋላ መመለስ እንደሚጎዳው ስንጀምር ነግሮን ነበር። ያን ጊዜ ግን ማንም ሳይጠይቀው ወደ ኋላ መለሰውና አባቴ ዱካቸውን ይዘው አንዴ ደግመው ገቡ።

ዓርብ ጠዋት ከሰው ሁሉ ቀድሜ ቢሮ ገባሁ። ከግድግዳው ፊት ብዙ ቆምሁ። ከዚያ በሰማያዊው እስክሪብቶ ከራሴ ስም ሥር የእናቴን ስም ጻፍሁ። ከአያቷ ስም ላይ ስደርስ ጽሕፈቴ ዶሮ የጫረው መሰለ። እናቴ እዚያው አንበሳሜ ናት፤ ሰማንያ ሁለት ዓመቷ ነው። ስልኬን አውጥቼ ደወልሁላት። ቅዳሜ እመጣለሁ አልኋት፤ ደስ አላት። ከባልደረቦቼ ጋር ነኝ አልኋት፤ ደግ፣ በሉ ኑ አለች። ካሜራ ይዘን ነው የምንመጣው አልኋት። መኪናችን ደጃፍ ላይ ስትቆም ምን ማለት እንደሆነ አንበሳሜም ያውቃል።

«ለምን?» አለችኝ።

ድምፄ በራሱ ጊዜ ዝቅ አለ። ዓይኔ በመስኮቱ ወደ ሐይቁ ሄደ። አፌ ለማኅደር ያህል ሊል ተከፈተና ተውሁት።

«ላይሽ ፈልጌ ነው እማዬ» አልኋት።



«እኔን ለማየት ነው ካሜራ ያስፈለገህ?» አለችኝ።